የአቶ ዘርይሁን ሳንቃዎች

ዛፍ ከምድር ከጠፋ ወዲህ ሕጉ ጨካኝ ነው፤ አገልግሎት የማይሰጥ የእንጨት ዕቃ ሁሉ ተወስዶ ይፈጫል። ወይንሸት በድሬዳዋው የባቡር ጋራዥ ስትጠግነው ዕድሜዋን የፈጀችበት፣ በእንፋሎት ባቡር ይጎተት የነበረው የእንጨት ፉርጎ ደግሞ ከወለሉ ሁለት ሳንቃ ጎድሎታል። ወለሉ ካልተሟላ ፉርጎውን የሚያስወስደው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

እየሮጠች ቤት ገባች። አባቷ አቶ ዘርይሁን አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። ከአልጋው ሥር ያለውን ታውቃለች። ሰው ሁሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሚቀበርበት ዘመን፣ አባቷ ለሬሳ ሣጥናቸው ፈቃድ አውጥተው ያስቀመጧቸው ሳንቃዎች ናቸው።

«አባባ…» አለችና ወደ አልጋው ሥር ተመለከተች።

ሽማግሌው ገባቸው። «እናትሽን በላስቲክ ሸኘናት» አሉ። «እኔንም እንደዚያው?»

«ይቅር፣ አባባ። ፉርጎውን ይውሰዱት።» ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ከኋላዋ አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። አባቷ መሬት ላይ ተንበርክከው ሳንቃውን እየጎተቱ ነበር። «ምን ትገተሪያለሽ? ነይ አንዱን ጎን ያዢ፤ ወገቤ አይችልም።»

ተቆጣጣሪው ሲደርስ የመጨረሻው ምስማር ገና ተመትቶ ማለቁ ነበር። ሰውዬው ፉርጎው ላይ ወጥቶ አዲሱን ወለል በከባድ ጫማው ደጋግሞ ረገጠው። ወለሉ ንቅንቅ አላለም።

«ያገልግል» አለና ማኅተሙን አሳርፎ ሄደ።

አቶ ዘርይሁን ምርኩዛቸውን ይዘው ፉርጎው ላይ ወጡና ሳንቃዎቹ ላይ ቆሙ። «እንዲህ በቁሜ ልርገጠው እንጂ» ብለው ሳቁ፤ «ተኝቼበት ቢሆን መች አየው ነበር?»

ወይንሸት ግን ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።