የልደት መቁጠሪያው

ባሌ ዊብረን ኔዘርላንድን ጥሎ ወደ እኛ ደሴት ወደ ኩራሳዎ የመጣው ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ነው። አንድም ቀን ደብዳቤ አልጻፈላቸውም። ሲሞቱም ለቀብር አልሄደም።

ባለፈው ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ የቀን መቁጠሪያ ገዝቶ መጣ፤ የዘመድ ወዳጅ ልደት የሚጻፍበት፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ቤቱ የሚሰቅለው ዓይነት። እንደዚያ ፊቱ ሲበራ ካየሁት ቆይቻለሁ። ወዲያው መዶሻ ይዞ ወደ ሽንት ቤት ሄደ።

"አንተ ሰውዬ፣ የሰው ልደት ሽንት ቤት ይሰቀላል እንዴ?" አልኩት።

"እኛ አገር እንደዚያ ነው። በየቀኑ ስለምታዪው ማንንም አትረሺም።"

"እናትህንም?"

ገጾቹን ሲገልጥ ማርች ላይ ቆመ። የአባቱ ስም ተጽፎበታል። ጁን ላይ የእህቱ፣ ኦክቶበር ላይ የራሱ ስም አለ።

"የእማዬ እጅ ጽሑፍ ነው" አለ፤ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል? ሲሞቱ ዕቃቸው ተሸጦ ይሆናላ።"

እንዲህ አልኩት እንጂ እኔም ልቤ አላመነም። መቁጠሪያውን ከእጁ ወስጄ ኖቬምበርን ገለጥኩ። አሥራ ሰባተኛው ቀን ላይ፣ በዚያው በተንጋደደ ጽሑፍ፣ የልጃችን የዙላይካ ስም አለ። ዙላይካ የተወለደችው አያቷ በሞቱ በአራተኛው ዓመት ነው።

ከስሟ ሥር፣ "የልጅ ልጅ እንዳለኝ እንኳ አልነገርከኝም" ይላል።