አሮጌው ዊንዶውስ ለአያ ሙሉሰው

«ማውሱን አይነቅንቁት አያ ሙሉሰው፣ ገና አልነቃም» አለ መዝሙር።

አያ ሙሉሰው ማውሱን ለቀቁት። ወዲያው ደግሞ ያዙት። የትክል ድንጋይ ከተማ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ግን የፀደይ አባት ናቸው። መዝሙር ከፒያሳ እስከ አዘዞ እንደሳቸው የሚፈራው ሰው የለም። ዛሬ በገዛ እግራቸው ኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቁ ገብተው ወንበር ስበዋል። ወንድማቸው አያ ማሩ አጠገባቸው ናቸው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው።

መዝሙር ሞኝ አይደለም። ፀደይን ከወደዳት ዓመት አልፎታል። አክስቱ የትነበርሽ ባለፈው ወር ወሬውን ለፀደይ ቤተሰብ «ጣል አድርጌዋለሁ» ብላዋለች። ከዚያ ወዲህ ፀደይ ስልክ አታነሳም። ነገር ወደ ሽማግሌ ሲሄድ ሴት ልጅ ዝም ትላለች፤ ይኼ የታወቀ ነው።

አሁን ደግሞ አባትየው አዲስ ላፕቶፕ ይዘው መጥተው የዱሮውን ዊንዶውስ ጫንበት ይላሉ። ፈተና ካልሆነ ምንድን ነው?

«ምነው አዲሱን ጠሉት?»

«ካርታ ስጫወት መሀል ላይ ማስታወቂያ ያመጣብኛል። እኔ ካርታ ልደርብ ስል እሱ ጫማ ግዛ ይለኛል! የዱሮው ጨዋ ነበር።»

«ላፕቶፑን ማን ገዛልዎ?»

«አንድ ሸጋ ልጅ አመጣልኝ።»

የወንድም ልጅ ይሆናል፣ አለ መዝሙር በሆዱ።

ችግሩ መጫኛው ነው። ከፍላሹ ይነሳና የመጀመሪያውን ገጽ አሳይቶ ይደርቃል። ማውሱን አያውቅ፣ ኪቦርዱን አያውቅ፤ ዲስኩንም ፈልጎ የለም ይላል።

«እፊቱ ተቀምጦለት?» አሉ አያ ማሩ።

«ያ ዊንዶውስ ሲሠራ ይኼ ዕቃ አልተወለደም አያ። አይተዋወቁም። ድራይቨር የሚባል መሀል ገብቶ ያስተዋውቃቸዋል። እሱን መጫኛው ውስጥ አስገባለሁ።»

«ሽማግሌ ነዋ!»

«እንደዚያ ይበሉት» አለ መዝሙር፣ ጆሮው ግሎ።

ፍላሹን ወደ ሱቁ ኮምፒዩተር መልሶ ድራይቨሮቹን ጨመረ። መጫኛው ተነሳ። ማውሱ ተንቀሳቀሰ፣ ዲስኩ ታየ፣ አያ ማሩ አጨበጨቡ። ተጭኖ አልቆ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲበራ ግን ማውሱ እንደገና ድርቅ አለ።

መዝሙር ግንባሩን መታ። «ድራይቨሩን ለመጫኛው ሰጥቼ ለሚጫነው ዊንዶውስ መስጠት ረስቻለሁ።»

«ሽማግሌውን ደጅ አስቀርተኸዋላ!» አሉ አያ ማሩ። «አስገባው እንጂ!»

እንደገና ከሀ ጀመረ። አያ ሙሉሰው አቧራ የለበሰ ጫማቸውን ዘረጉ።

«ከጠዳ ጀምሮ ቤት ለቤት ስንዞር እግራችን አለቀ።»

ስለ እኔ ሲያጣሩ ነው፣ አለ መዝሙር በሆዱ። ጎረቤቱ ዙህራ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ስለ ሱቁ ስፒከር ጩኸት ተናግራበት እንዳይሆን ሰጋ።

አያ ማሩ ትኩር ብለው ሲያዩት ቆዩ። «ፊትህ የኛን ሰው ይመስላል። ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

መጣ! ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ነው። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም።

«የወልደኢየሱስ። የጃናሞራው፣ የመካነ ብርሃኑ።»

እስከ ሰባት ቆጠሩት፤ ከጃናሞራ የሚነካቸው አልተገኘም።

«በእናትህስ?»

የመዝሙር እናት እንደነሱ የትክል ድንጋይ ሰው ናት። «ወለላ ምንይችል።»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። «የቱ ምንይችል? በቅሎው ሰው የምትነክሰው?»

«በቅሎ አልነበረውም!» ብሎ ጮኸ መዝሙር፣ አይቶት የማያውቀውን አያቱን በቅሎ እየነፈገ።

«አባቱስ?»

«ሰውአገኝ።»

«የሰውአገኝስ?»

ስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀስ እያለ ይሞላል፣ መዝሙር አያት ይጠራል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጠፋው። ለአክስቱ ደውሎ የጎደሉትን ቅድመ አያቶች ለቃቀመ። አያ ማሩ ስም በተጠራ ቁጥር ጣታቸውን እያጠፉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቆዩና በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ።

«አንገናኝም። በአባትም በእናትም ባዳ ነው።»

መዝሙር ባዳ መባል እንዲህ ይጣፍጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። ላፕቶፑም ጠፍቶ በራ። ማውሱ በአያ ሙሉሰው እጅ ሥር ተንሸራተተ፣ ካርታው ማስታወቂያ ሳይጨምር ተዘረጋ። መዝሙር ተነስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

አያ ሙሉሰው ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። ፊታቸው በርቷል።

«ተመስገን ነው ልጄ» አሉት። «ዘመድ ብትሆን ኖሮ ለእሑዱ የፀደይ ሰርግ ሳንጠራህ ቀርተን ትቀየመን ነበር።»