አራት ጣት

ቁም ሣጥኑ በሩ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀረቀረ። የከባድ መኪና ሹፌሯ ከውጭ፣ አናጢው ባሏ ከውስጥ ይዘውታል። ባሏን ትታ ልትሄድ ሌላውን ዕቃዋን ጭና ጨርሳለች፤ መኪናዋም ሞተሩ ሳይጠፋ ደጅ ቆሟል። እሱ አንድ ሻይ ጠጥቶ እስኪነሳ እሷ ሁለት ከተማ አዳርሳ የምትመለስ ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ይሄ ሣጥን ገትሮ ያዛት።

«አዙረው እንጂ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «እኔ ብሆን ተሳቢ በዚህ በር አስገባ ነበር።»

«ተሳቢ አይደለማ።»

«እሺ ፍታውና በየክፍሉ እናውጣው።»

«ብሎን የለውም። በሙጫ ነው የያዘው።»

ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። «ዳቦ ለመቁረስ እንኳ ሜትር የምታወጣ ሰውዬ፣ ይቺን በር መለካት አቃተህ?»

በሣጥኑና በመቃኑ መካከል በቀረችው ስንጥቅ የሚታያት ጣቱ ብቻ ነበር፤ የእንጨቱን ጠርዝ ቀስ እያለ ይዳብሳል።

«ለክቻታለሁ» አለ። «እዚህ ቤት የገባሽ ሳምንት ለካሁና ከበሩ አራት ጣት አስበልጬ እዚሁ ውስጥ ሠራሁት።»

ሹፌሯ ሣጥኑን ቀስ ብላ መሬት አስነካችው፤ ሄዳም የመኪናውን ሞተር አጠፋች።

«ነዳጅ እንዳይፈጅ ነው» አለች ስትመለስ፣ ማንም ሳይጠይቃት።