እስክትቆም ድረስ

ነፍሰ ጡር እስክትወልድ፣ ልጅም በእግሩ እስኪቆም የጤና መድኅኑ ያሳክማል ብለው ደነገጉ። የተማሩ ናቸው አሉ። የቆመ ልጅ አይታመምም ያላቸው ማን ይሆን?

የልጅ ልጄ ትንቢት ሦስት ዓመቷ ነው። ልቧ ደካማ ስለሆነ ያለ መድኃኒት ሳምንት አትዘልቅም። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያሰሩት አምባር መቆሟን ካወቀ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይቋረጣል። ስለዚህ መሬት አስረግጬያት አላውቅም፤ በአንቀልባ አዝያት እውላለሁ፤ ወገቤ አልቋል።

አምባሩ ዝም ቢልባቸው ትናንት ሠራተኛ ላኩብኝ፤ ከረባት ያሰረ ጎረምሳ።

«እትዬ አስካለ፣ እስቲ ያውርዷት።»

«ጀርባዬ ላይ እያት፤ ዓይን የለህም?»

«ሕግ ነው፣ እናቴ።»

አውርጄ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኳት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ ጥርሱን ገልጦ ማጨብጨብ ጀመረ። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ይላል፤ እናቱ እሱን ያቆመችበትን ጭብጨባ ለወጥመድ አምጥቶት።

ከሕጉ ወዲህ በሰፈራችን ይህን የሚል ሰው ስለጠፋ፣ ትንቢት ሰምታው አታውቅም። ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እንደተቀመጠች እጆቿን አነሳችና እየሳቀች አብራው አጨበጨበች።

«አትቆምም ብለህ ጻፍ» አልኩት። «ጭብጨባህንም ይዘህ ውጣልኝ።»