ከዓሣዎቹ ነቅነቅ እንዳትዪ

ሱለይማኒያ ያለው የፈይሰል ቪላ ውስጥ ሰባት መታጠቢያ ቤት፣ አሥራ አንድ ዓሣና አንዲት ሠራተኛ ነበሩ። ዓሣዎቹ ሲታመሙ ሐኪም ይመጣላቸዋል። ለሠራተኛዋ ለመኪያ ግን ፓናዶልም በልመና ነው።

ፈይሰል ለሥራ ጅዳ ከርሟል። ልጆቹ አያታቸው ዘንድ ናቸው። ቤቱን የምትገዛው ሚስቱ ማዳም ሳሊሃ ናት፤ መኪያንም ዓሣዎቹንም ጭምር።

ነሐሴ ነው፤ ሙቀቱ ድንጋይ ያበስላል። ለቀትሩ የዙህር አዛን ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ኤሲው ተንፍሶ ዝም አለ። ግድግዳ የሚያክለው የሳሎኑ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ሲንተከተክ የነበረው አረፋም ቆመ።

መኪያ መጥረጊያዋን ጥላ ሮጠች። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ ነበር፤ ባትሪዎቹን ማዳም ለቴሌቪዥኑ ሪሞት ወስዳቸዋለች። ስለዚህ መኪያ ጆግ አነሳች። ከገንዳው ትቀዳለች፤ ክንዷን ሽቅብ ዘርግታ ከላይ መልሳ ታፈስሰዋለች። ውሃው ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። ይህን ያሳያት ገንዳውን ሊያጸዳ የሚመጣው ግብፃዊ ነው።

ስልኳ ጮኸ። ሁለት ቤት አልፎ የምትሠራው ያገሯ ልጅ ዘሀራ ናት። መኪያ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ገንዳው አጠገብ አስደገፈችው።

«እናንተም ጋ ጠፋ?» አለች ዘሀራ።

«ጠፋ። ለዓሣዎቹ ውሃ እየቀዳሁ ነው።»

«አብደሻል እንዴ? ተያቸው ይሙቱ! መብራት ገደላቸው ትያለሽ፣ ኸላስ።»

መኪያ ቀዳች፣ አፈሰሰች።

ዘሀራ ያለ ነገር አልተናገረችም። ከሁለት ወር በፊት እንዲሁ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማዳም ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አትወድም፤ የቤቱ ሊፍት ስለቆመ ከላይ ሆና ተጣራች። መኪያ ወጥታ ስታራግብላት ቆይታ ስትመለስ አንዱ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፏል። ያኔ አሥራ ሁለት ነበሩ። ማዳም መኪያን ጣሪያው ላይ ባለ መስኮት አልባ ዕቃ ቤት ቆለፈችባት፤ ከዙህር እስከ ዐስር ሶላት።

የመኪያ ስልክ ማድቤት ቀርቶ ነበር። ሰባት ጊዜ ጠራ። የሚደውለው ከከሚሴ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው እያጣጣረች «የመኪያን ድምፅ አሰሙኝ» ብላ ነበር። በሩ ሲከፈት ድምፅ የምትሰማ እናት አልነበረችም።

ማዳም «አላህ ይዘንላት» እንኳ አላለችም። ጣቷን ቀስራ ሕግ አወጣች።

«መብራት ሲጠፋ ከዓሣዎቹ ነቅነቅ እንዳትዪ። በር ቢደበደብ አትሂጂ። እኔ ራሴ ብጠራሽ እንኳ አትምጪ። ፋህማ?»

«አይዋ፣ ማዳም።»

ከዚያ ወዲህ መኪያ ለማዳም የምትመኝላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺን የተቆለፈባትን ከሰዓት እንድትቀምሳት። ሰግዳ በተነሳች ቁጥር ይህንኑ ትለምናለች። ጥላቻዋን ከአላህም አልደበቀችም።

«እናትሽን ረሳሻት እንዴ?» አለች ዘሀራ።

«እንዴት እረሳታለሁ?»

«ታዲያ ዛሬ አንጀቷን አሳርሪያት! ያቺ ሴት ከነሱ ሌላ የምትወደው የላትም። ለመሆኑ የታለች?»

«እህቷ ምሳ ጠርታታለች።»

«በቃ! ስትገባ አሥራ አንድ ሬሳ ትቁጠር።»

«ዓሣዎቹ ምን አጠፉ፣ እህቴ?»

ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ የማዳም ስልክ ጮኸ። መኪያ አየችው እንጂ አልነካችውም። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ መጣ።

«ማነው የሚደበድበው?» አለች ዘሀራ።

«ጎረቤት ግንባታ አለ።»

«በዚህ ሰዓት? በቀትር የውጭ ሥራ ተከልክሎ የለም እንዴ?»

«ለኛ ሰው ምን ሕግ አለ ብለሽ ነው?»

ዘሀራ ከንፈሯን መጠጠች። «ምስኪኖች! እኔማ ልዝጋው፣ ስልኬ ሊሞት ነው። ያልኩሽን አስቢበት።»

መኪያ አሰበችበት። ጆጉን አስቀምጣ ቆመች። ዓሣዎቹ ሁሉ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ማዳም በስስት ዓይን የምታየው ቀዩ ትልቁ ዓሣ ወደ ጎን ማዘንበል ጀምሯል። ማንም አያያትም። አንድ ሩብ ሰዓት እጇን አጣጥፋ ብትቆም ነገሩ ያልቃል።

በየመሃሉ ሲጮህ የቆየው የማዳም ስልክ እንደገና ጠራ። ሰባተኛው ነበር። ሲያበቃ መኪያ ጆጉን አነሳች።

«አብሽር፣ አይዞህ» አለችው ቀዩን ዓሣ።

ቀዳች፣ አፈሰሰች። ውሃው እንዳይሞቅ ከማቀዝቀዣው የበረዶ ጠርሙስ አምጥታ አስገባች። ሂጃቧ በላብ አንገቷ ላይ ተጣበቀ። ትከሻዋ ዛለ። የዱብ ዱብታውም እየደከመ፣ እየራቀ ሄደ፤ በመጨረሻ አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማ ጀመር። መኪያ ዞር ብላ አላየችም።

የዐስር አዛን ሊል ሲል መብራት መጣ። ኤሲው አጓራ። ገንዳው ውስጥ አረፋው ከታች ወደ ላይ ተግተለተለ፤ ዓሣዎቹም ወደ መሃል ወረዱ። ቀዩ ተቃና። መኪያ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አንድ። ጆጉን አስቀመጠች፣ እጇን አደራረቀች፣ ሂጃቧን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመች።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ፎቅና ምድር መሃል ተንጠልጥሎ የነበረው የቤቱ ሊፍት ወርዶ ተከፈተ፤ ማዳም ሳሊሃ ለምሳው እንደተኳኳለች፣ አፏን እየከፈተችና እየዘጋች በዳዴ ስትወጣ መኪያ «አንድም አልሞተም፣ ማዳም» አለቻት።