ወንበሩ ወይስ በርሜሉ

ነፋሱ የደላንታን አፈር ጠርጎ ከወሰደ ወዲህ፣ የተረፈው እንዳይደፈጠጥ፣ እርሻ ላይ የሚወጣ ሞተር ሁሉ በልክ ነው የሚጫነው። ከልኩ ካለፈ በራሱ ይጠፋል፤ ለምኖም ተሳድቦም የሚያስነሳው የለም።

ጥሩአየሁና ባሏ ዘገየ ባለአራት ጎማ ሞተር ሊገዙ መጡ። ሱቁ በር ላይ የጫማ አፈር የሚራገፍበት ሳህን አለ፤ የተጠራቀመው ወደ እርሻ ይመለሳል። ጥሩአየሁ ጫማዋን አራገፈች። የዘገየ ጫማ ግን ንጹሕ ነበር። እግሩ ከተሰበረ ጀምሮ በገዛ እጁ የካበውን እርከን ረግጦ አያውቅም።

«ጭቃ የማይበግረው ጎማ ገጥሜላችኋለሁ» አለ ሻጩ። «ግን እትዬ፣ ሁለት ሰው ከጫነ የውኃ በርሜሉን አይችልም።»

ዘገየ ቶሎ ብሎ፣ «የኋላውን ወንበር ንቀለው። ችግኙ ውኃ ካጣ ይደርቃል። እሷ ትንዳ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» አለ።

«ወንበሩን ንቀለው» አለች ጥሩአየሁ። «የሚነዳው ግን እሱ ነው። መሪውም ፍሬኑም በእጅ አይደል?»

«እርስዎስ?» አላት ሻጩ።

«የእግረኛን ክብደት የሚቆጥር የለም። እከተለዋለሁ።»

ዘገየ አንገቱን ደፋ። «ሚስቱን በእግሯ አስኬዳት ይለኛል ሰዉ።»

«ሚስቱ እግር አላት ይበል!»

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ከእርሻ ሲመለሱ፣ ጥሩአየሁ ቤታቸው ደጃፍ ላይ የአፈር ሳህን አስቀመጠች። ጫማዋን ልታራግፍ ጎንበስ ስትል ዘገየ በምርኩዙ ተደግፎ እግሩን ዘረጋ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ የእኔን» አላት። «እኔ የካብኩት የላይኛው እርከን አፈር ነው፤ ካንቺው የመንገድ አፈር ጋር እንዳይቀላቀል።»