ለሰው ገጽ፣ ለማሽን ዳታ

የልጄን ውጤት ለማየት የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ብከፍት ስልኬን ቅንፍና ቁጥር ሞላው። ልጄ «ብወድቅ ነው» ብላ ተሸፋፍና ስታለቅስ፣ የድረ ገጹን ፕሮግራም ወደ ሠራው ወጣት ቢሮ ሮጥኩ።

«እናቴ፣ ፕሮግራሜ ለሰው ያማረ ገጽ፣ ለማሽን ጥሬ ዳታ ነው የሚመልሰው» አለኝ ቀና ሳይል። «ይሄ አሮጌ ስልክዎ ሰው መሆንዎን አልነገረውም።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ሰው የሚይዘውን ስልክ መግዛት።»

«እስቲ በአንተው ክፈትልኝ፤ ማለፏን ልወቅ።»

እያፌዘ የልጄን መለያ ቁጥር አዲሱ ስልኩ ላይ ጻፈ። ያው ቅንፍ መጣ። ፈገግታው ጠፋ። በጣቱ ከቅንፎቹ መሃል ሲፈልግ ቆይቶ፣ «አልፋለች» አለኝ በሹክሹክታ። «እባክዎ፣ በእኔም ስልክ ቅንፍ መምጣቱን ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

«ተመስገን!» ብዬ በሩን ከፈትኩ። ኮሪደሩን ስልካቸውን የጨበጡ ወላጆች ሞልተውታል።